የሚያነክስ ውርንጭላ አያያዝ

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ የፈረስ ውርንጭላ ሲያነክስ ያበጠውን መገጣጠሚያ በጋለ ብረት መተኮስን አንደግፍም፤ ቁስል ይጨምራል እንጂ የውስጡን አጥንት አያድንም።

በማደግ ላይ ባለ ፈረስ ለጋው አጥንት በሚገባ ሳይጠና ሲቀር ስባሪ ተላቆ በመገጣጠሚያው ውስጥ ሊቀር ይችላል። መሣሪያው ባለበት ሐኪም በጠባብ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ያወጣዋል፤ ከዚያም እንስሳው ለሳምንታት በጋጣ ይቆያል፣ ቀስ በቀስ እየተሳበ ይራመዳል፣ ለሥራ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው። ይህ በወረዳ ክሊኒክ የሚሠራ አይደለም። ዕረፍቱን ግን ማንኛውም ገበሬ ሊሰጥ ይችላል፤ ቀላል ጉዳት በዕረፍት ብቻ የሚሽርበት ጊዜም አለ።

ጤነኛውም ቢሆን 3 ዓመት ሳይሞላው እንዳይጫን እንመክራለን። ፉሩሽካ ማብዛት አጥንት ያደክማልና የባቄላ ገለባ ይቀላቀልለት።

በተወለደ በሳምንታት ውስጥ መገጣጠሚያው ግሎ ካበጠ ግን ሕመሙ በእትብቱ የገባ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ይታይ።