ቴሌቪዥናችን እኛን ሲያይ፦ ገመናን ጠብቆ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ስለመመልከት

መግቢያ

ቴሌቪዥን ወደ ሀገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዘመን ጠባዩ አንድ ነበር፤ እሱ ያወራል፣ እኛ እናያለን። ተመልካቹ ዜናውን ትቶ ድራማውን ቢያይ፣ ድራማው ላይ እንቅልፍ ቢወስደው ወይም ጭራሽ አጥፍቶት ቢወጣ ጣቢያው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የተመልካቹን ፍላጎት ማወቅ ከፈለገ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ወይም ደብዳቤና ስልክ መጠበቅ ነበረበት። በአጭሩ ተመልካቹን መጠየቅ ነበረበት።

ዛሬ በየሳሎኑ የሚሰቀለው ‹‹ስማርት ቲቪ›› ግን ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል። ምን እንዳየን፣ ስንት ሰዓት እንዳየንና መቼ እንደቀየርን መዝግቦ ሊልክ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ ይህን እንዴት እንደሚያደርግ፣ ጉዳዩ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ለምን እንደሚያገባንና ቤታችን ውስጥ ምን ማድረግ እንደምንችል ለመዳሰስ ይሞክራል።

ለመሆኑ ቴሌቪዥኑ እንዴት ያያል?

‹‹ቴሌቪዥን ይሰልላል›› ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ካሜራ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ካሜራ የላቸውም። ዋናው ጉዳይ ‹‹አውቶማቲክ ኮንቴንት ሬኮግኒሽን›› ወይም በአጭሩ ኤሲአር የሚባለው ቴክኖሎጂ ነው። እኛ ‹‹ይዘትን በራስ መለየት›› ልንለው እንችላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ በስክሪኑ ላይ ካለው ምስል ወይም ከድምፁ ጥቂት ናሙና ይወስዳል። ከዚያ ናሙና እንደ ጣት አሻራ ያለ አጭር መለያ ሠርቶ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ ውስጥ የብዙ ፊልሞች፣ ፕሮግራሞችና ማስታወቂያዎች አሻራ ተከማችቷል። ሁለቱ ሲመሳሰሉ በዚያ ቤት፣ በዚያ ሰዓት፣ ያ ፕሮግራም መታየቱ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ‹‹እኔ የማየው በዲሽ ነው፣ ምን አገባኝ?›› የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው ዲሽ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ መልሶ አይልክም። ግን ኤሲአር የሚያነበው ስክሪኑን ስለሆነ ምስሉ ከሪሲቨር ይምጣ ከዲቪዲ ወይም ከላፕቶፕ ልዩነት ላያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስና የማድሪድ ካርሎስ ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሳምሰንግና የኤልጂ ቴሌቪዥኖችን በእንግሊዝና በአሜሪካ ፈትሸው ነበር። ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሌላ ዕቃ ጋር ተያይዞ እንደ ተራ ስክሪን ሲያገለግል እንኳ ኤሲአር ሥራውን እንደማያቋርጥ አገኙ። ደስ የሚለው ደግሞ ተጠቃሚው ከቅንብሩ ገብቶ ሲያጠፋው መላኩ መቆሙን ማረጋገጣቸው ነው።

እስካሁን ምን ታይቷል?

ጉዳዩ በግምት የሚወራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ እንግሊዛዊ የኤልጂ ተጠቃሚ ቴሌቪዥኑ የሚያያቸውን ጣቢያዎች ብቻ ሳይሆን በፍላሽ ላይ ያሉትን የፋይል ስሞች ጭምር እንደሚልክ ደረሰበት። ማጥፊያውን ቢነካም መላኩ አልቆመም። ኩባንያው ችግሩን አምኖ ማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ።

በ2015 ደግሞ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች የግላዊነት ፖሊሲ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በድምፅ ማዘዣው ሲጠቀሙ የሚናገሩት የግል ጉዳይም ከሆነ ተቀድቶ ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፍ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ዓረፍተ ነገር ተገኘበት። ዓረፍተ ነገሩ ቀድሞም እዚያው ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ከሁሉም የሚጠቀሰው የቪዚዮ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና የኒው ጀርሲ ዓቃቤ ሕግ እንዳሉት ኩባንያው ከ2014 ጀምሮ ከ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች የእያንዳንዷን ሰከንድ እይታ ሰብስቦ፣ ከዕድሜ፣ ከፆታ፣ ከገቢና ከትዳር ሁኔታ መረጃ ጋር እንዲያያዝ አድርጎ ለሌሎች ሸጧል። ቪዚዮ በፌብሩዋሪ 2017 ጉዳዩን ለመዝጋት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በዲሴምበር 2025 የቴክሳስ ዓቃቤ ሕግ ሶኒን፣ ሳምሰንግን፣ ኤልጂን፣ ሃይሴንስንና ቲሲኤልን በዚሁ በኤሲአር ጉዳይ ከስሷል። ለምን አይቆምም ቢባል መልሱ ገንዘብ ነው። በ2021 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ቪዚዮ ከማስታወቂያና ከመረጃ ዘርፉ ያገኘው ጠቅላላ ትርፍ 57.3 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከቴሌቪዥንና ከሌሎች ዕቃዎች ሽያጭ ያገኘው ግን 25.6 ሚሊዮን ነበር። እንግዲህ ዕቃው በርካሽ የሚሸጥበት አንዱ ምክንያት ከተሸጠም በኋላ ገቢ ስለሚያስገኝ ነው።

ለእኛ ለምን ያገባናል?

‹‹የምደብቀው የለኝም፣ ኳስና ድራማ ነው የማየው›› የሚለው ክርክር የተለመደ ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ቦርክ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት በታጩ ጊዜ ዋሽንግተን ሲቲ ፔፐር የተባለ ጋዜጣ ከቪዲዮ ቤት የተከራዩዋቸውን ፊልሞች ዝርዝር አተመ። ዝርዝሩ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፣ ተራ ፊልሞች ናቸው። ሆኖም የሀገሪቱ ምክር ቤት በዚህ ተነሣስቶ በ1988 የቪዲዮ ኪራይ መረጃን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ሰውየው የሚያሳፍር ነገር አለማየታቸው ሌላ ሰው ያለፈቃዳቸው ዝርዝሩን እንዲያወጣ መብት አይሰጠውም። ዝርዝሩን ያወጣው ደግሞ የእኛው ሙያ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ምክንያት የመረጃ ምንጭ ጥበቃ ነው። ብዙዎቻችን የቀረጽነውን ቃለ መጠይቅ ለማየት ላፕቶፓችንን ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር እናያይዛለን፣ ወይም ፍላሽ እንሰካለን። የፋይሉ ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰውየው ስም ነው። በክፍል ውስጥ ‹‹ምንጭህን ጠብቅ›› ተብለን የተማርነውን ቤት ስንደርስ መርሳት የለብንም።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ቴሌቪዥን በእኛ ሀገር የአንድ ሰው ዕቃ አለመሆኑ ነው። እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ የቤት ሠራተኛ፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት አንድ ላይ ያያሉ። ‹‹እስማማለሁ›› የሚለውን የሚነካው ግን አንድ ሰው ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ የሚያስተካክለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ‹‹አንተ ተማሪ ነህ፣ አንቺ ታውቂያለሽ›› የሚባለው ወጣት ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ረጅም ነው፤ ሁሉም ሰው ኳሱ እንዲጀመር ይቸኩላል። ስለዚህ ያ ወጣት የሚሰጠው ፈቃድ የእሱ ብቻ ሳይሆን የእናቱም የጎረቤቱም ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ቴሌቪዥኑን የምንጠቀምበት ለዲሽ ብቻ ከሆነ ከዋይፋይ ጋር አለማገናኘት። ከኢንተርኔት ያልተገናኘ ቴሌቪዥን የሚልክበት መንገድ የለውም።

2. መጀመሪያ ሲከፈት ከሚመጡት ስምምነቶች ግዴታ የሆነውንና ምርጫ የሆነውን መለየት። ስለ እይታ መረጃና ስለ ማስታወቂያ የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ምርጫ ናቸው፤ ባንስማማም ቴሌቪዥኑ ይሠራል።

3. ቀድሞ የተስማማ ሰው ‹‹ሴቲንግ›› ገብቶ ኤሲአሩን ማጥፋት ይችላል። ስሙ እንደ ኩባንያው ይለያያል። ሳምሰንግ ላይ ‹‹ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ››፣ ኤልጂ ላይ ‹‹ላይቭ ፕላስ››፣ ቪዚዮ ላይ ‹‹ቪዊንግ ዳታ›› ይባላል። ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር ተመልሶ መመልከት አይከፋም።

4. በድምፅ ማዘዝ የማንጠቀም ከሆነ ማይክሮፎኑን ማጥፋት። ካሜራ ካለውና ማጥፊያ ካጣንለት፣ የኤፍቢአይ የፖርትላንድ ቢሮ በ2019 እንደመከረው፣ ጥቁር ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል።

5. በእንግዳ ማረፊያ ወይም በሰው ቤት ቴሌቪዥን ላይ ዩቲዩብ በራሳችን አካውንት ከከፈትን ስንወጣ መዝጋት። አለዚያ ቀጥሎ የሚገባው ሰው ያየነውን ሁሉ ያያል።

6. ቴሌቪዥን ስንሸጥ ወይም ስንሰጥ ‹‹ፋክተሪ ሪሴት›› ማድረግ።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ኤሲአርን ማጥፋት ዩቲዩብ ወይም ኔትፍሊክስ በራሳቸው መተግበሪያ ውስጥ ያየነውን እንዳያውቁ አያደርግም። ለእነሱ የየራሳቸው ቅንብር አለ፤ ለምሳሌ የዩቲዩብን የእይታ ታሪክ ማቆምና መሰረዝ ይቻላል።

ማጠቃለያ

በሀገራችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመጠበቅ መብት ይሰጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ የማስፈጸሙ ኃላፊነትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ሆኖም ሕጉ ሳሎናችን ገብቶ ሪሞት አይነካልንም።

እኛ ነገ በጣቢያዎች ስንቀጠር የተመልካች መረጃ ያስፈልገናል፤ ተመልካቹን የማያውቅ ጣቢያ ለማን እንደሚሠራ አያውቅም። ጥያቄው መረጃው እንዴት ይምጣ የሚለው ነው። መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው ባለሙያ በር አንኳኩቶ፣ ማን እንደሆነና ለምን እንደመጣ ተናግሮ ነው የሚገባው፤ ‹‹አልመልስም›› ቢባልም ይወጣል። ከቴሌቪዥኑም የምንጠብቀው ይህንኑ ነው።

እስከዚያው ድረስ ውድ አንባቢ፣ ቤት ውስጥ ‹‹ና አስተካክልልን›› ስትባል ወይም ‹‹ነይ አስተካክዪልን›› ስትባዪ፣ ‹‹እስማማለሁ›› ከመነካቱ በፊት የተጻፈው ምን እንደሚል ለቤተሰቡ በአማርኛ ተነግሮ ይወሰን። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ኳሱም አያመልጥም።