ካሴትም ሰነድ አለው



በየቤታችን ቁም ሳጥን የመንዙማና የተፍሲር ካሴቶች አሉ። ድምፃቸው የተቀዳ ብዙ ሸሆች ወደ አኼራ ሄደዋል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ካሴት ሲበላሽ አብሮት የሚጠፋው ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ዒልም ሊሆን ይችላል።

ከየማማ ጦርነት በኋላ፣ ብዙ ሐፊዞች ሸሂድ በመሆናቸው፣ አቡበክር (ረ.ዐ) ቁርኣን ተጽፎ እንዲሰበሰብ ዘይድ ኢብን ሳቢትን (ረ.ዐ) ማዘዛቸውን ሁላችንም ተምረናል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ዒልሙን የተሸከመው ሳያልፍ መጠበቅ እንደሚገባ ነው። ዛሬ ድምፅና ምስልን ጠብቆ ማቆየት በሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥ ሙያ ሆኗል። ከጀመዓችን ይህን መስክ የሚመርጥ እንዲገኝ እንሻለን።

የት ይሰጣል?

በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሁለት ዓመት የማስተርስ ፕሮግራም አለ። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲም በመስኩ ያስተምራል። በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ የሚገኘው የጆርጅ ኢስትማን ሙዚየም ከ1996 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የፊልም ጥበቃ ትምህርት ቤት አለው። ታሪክ፣ ኬሚስትሪ፣ ኮምፒውተርም ሆነ ላይብረሪ ሳይንስ ያጠና ሰው ለዚህ ሙያ የሚጠቅም ነገር ይዞ ይመጣል።

ምን ይማሩበታል?

አንደኛ፣ ቁሱን ማወቅ። እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ይሠራበት የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። እሱን የተካው የአሲቴት ፊልም ደግሞ ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ይሸበሸባልም። የካሴት ክር እርጥበት ሲያገኘው ሊሻግት ይችላል። ሙቀትና እርጥበት የሁሉም ጠላቶች ናቸው።

ሁለተኛ፣ በዲጂታል መቅዳት። የዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለድምፅ ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ይመክራል። ዋናው ቅጂ በዌቭ ፋይል ይቀመጣል፤ ኤምፒስሪ ለማዳመጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ መመዝገብ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሐዲስን የምንመዝነው ከማን ለማን እንደተላለፈ በሚያሳየው ሰነዱ ነው። ካሴትም እንደዚሁ ነው፤ ማን ተናገረ? የት? መቼ? ማን ቀዳው? ከማን እጅ ደረሰን? ይህ ካልታወቀ ድምፁ ቢተርፍም ማንነቱ ይጠፋል።

አራተኛ፣ የባለቤትነት መብት። የሰው ድምፅ አማና ነው። ያለ ባለቤቱ ወይም ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አናሰራጨውም።

ከዛሬ ምን እንጀምር?

ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ካሴቶቹን ከፀሐይና ከእርጥበት እናርቅ። በላያቸው ሌላ ነገር እንዳይቀዳ በካሴቱ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች እንስበር። የሻገተውን አናጫውት፤ ሻጋታው ወደ ማጫወቻው፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይተላለፋል። የቀዳነውን በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ እንያዝ፤ አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን እናትና አባቶቻችን በሕይወት ሳሉ ስለ እያንዳንዱ ካሴት ጠይቀን እንጻፍ። ካሴቱን ዘግይተንም ቢሆን ልንቀዳው እንችል ይሆናል፤ ሰነዱን የሚነግረን ሰው ካለፈ ግን የምንጠይቀው የለም።

አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።