ጸሎትና ፍትሕ
ከሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሕይወት የሚገኝ ትምህርት

የሚነበብ፦ ሚክያስ 6፥8፤ ሉቃስ 18፥1-8



አባቶቻችን «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ይላሉ። ሰውን ከንብረቱ ማነስ ይልቅ የፍርድ መጓደል ያንገበግበዋል ማለት ነው። ነቢዩ ሚክያስም ፍትሕን ማድረግን፣ ምሕረትን መውደድንና ከአምላክ ጋር በትሕትና መሄድን በአንድ ቁጥር አስተሳስሮ ያስቀምጣቸዋል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንለያያቸዋለን። አንዱ «እኔ ጸሎቴን እንጂ የዓለምን ነገር አላውቅም» ይላል፤ ሌላው «ጸሎት ብቻውን ምን ይፈይዳል?» ይላል። ለሁለቱም መልስ የሚሆን ሕይወት የኖሩትን የደቡብ አፍሪካ አንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱን ዛሬ እናጠናለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. ፍትሕ በትንሽ ነገር ይጀምራል

ቱቱ በ1931 ክላርክስዶርፕ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ቀን ከእናታቸው ጋር ቆመው ሳለ አንድ ነጭ ቄስ በአጠገባቸው ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አንሥተው እናታቸውን እጅ ነሡ። በዚያ አገር ነጭ ሰው ለጥቁር ሠራተኛ ሴት እንዲህ ያለ አክብሮት ማሳየቱ ያልተለመደ ነበር። እኚህ ቄስ እንግሊዛዊው ትሬቨር ሀድልስተን ነበሩ። ኋላም ቱቱ በሳንባ ነቀርሳ ታመው ከአንድ ዓመት በላይ ሆስፒታል ሲተኙ እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ባርኔጣ ማንሣት ገንዘብ አያስወጣም። ነገር ግን ያ ልጅ እናቱ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረች መሆኗን በዓይኑ አየ፤ እስከ እርጅናውም አልረሳውም።

2. ጸሎት የድፍረት ምንጭ ነው

የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር መሪነት በ1549 የወጣ የጋራ ጸሎት መጽሐፍ አላት። መነኮሳት በየሰዓቱ ያደርሱት የነበረው ጸሎት በጥዋትና በማታ ተጠቃልሎ፣ ሕዝቡ በሚሰማው በእንግሊዝኛ ተሰጠ። ቱቱም በዚህ ሥርዓት ጸኑ። ማለዳ ተነሥተው በዝምታ ይጸልዩ፣ ሥጋ ወደሙን ይቀበሉ፣ በየጊዜውም ሱባኤ ይገቡ ነበር።

በሜይ 1976 የጆሃንስበርግ ካቴድራል አለቃ ሳሉ፣ በሱባኤ ላይ ልባቸው ተነሣሥቶ ለጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ፎርስተር ደብዳቤ ጻፉ። የጥቁሩ ሕዝብ ምሬት ካልተሰማ ደም ይፈሳል ብለው አስጠነቀቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ነገሩን የፖለቲካ ቅስቀሳ ነው ብለው ናቁት። ጁን 16 ቀን የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። የሞቱት የእናንተ እኩዮች ነበሩ። ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከጸሎት ቦታ መነሣቱን ልብ በሉ።

3. ጸሎት ፍትሕን ከጥላቻ ይጠብቃል

ቱቱ በ1984 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ፣ የጆሃንስበርግ ጳጳስ ሆነው፣ በዱዱዛ ቀብር ላይ ተገኙ። በዚያ ሕዝቡ አንድን ሰው የፖሊስ ሰላይ ነው ብሎ ሊገድለው ያዘው። ቱቱ ግርግሩን ሰንጥቀው ገብተው ሰውየውን አዳኑት። ይህ ከደብዳቤው ይልቅ የከበደ ይመስለኛል። ለጨቋኝ «ተው» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ የተበደለውን የገዛ ወገንን በቁጣው ሰዓት «ተው» ማለት ግን ከዚያ የሚበልጥ ድፍረት ይጠይቃል።

በ1994 የአፓርታይድ አገዛዝ ካበቃ በኋላም የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ሰብሳቢ ሆነው የተበዳዮችን እንባ ሰሙ። ይቅርታ ያለ ካሣ ምን ዋጋ አለው ብለው የጠየቁ ተበዳዮች ነበሩ፤ ጥያቄአቸውም ቀላል አይደለም። ምሕረት የፍትሕን ቦታ ልትወስድ አትችልምና። ቱቱ በ2021 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

4. ለእኛስ?

ወዳጆቼ፣ ደቡብ አፍሪካ ሩቅ ነው ብለን አንለፈው። በቤታችን የምታገለግለው ልጅ ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ ትቀርባለች ወይስ የተረፈውን ትበላለች? ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አግኝታለች? ጫማችንን የሚጠርገውን ሊስትሮ ስሙን እናውቀዋለን? እኔ በበኩሌ ከዚህ ሕይወት የተማርሁት ይህ ነው፤ ጸሎቴ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው «አሜን» ካልሁ በኋላ መጀመሪያ የማገኘውን ሰው በማስተናግድበት መንገድ ነው።

ለውይይት
ሀ. በሉቃስ 18 ያለችው መበለት የጠየቀችው ምን ነበር? ጌታ ስለ ጸሎት ሲያስተምር ፍርድ ፈላጊን ምሳሌ ማድረጉ ለምን ይመስላችኋል?
ለ. ጓደኞቻችን በአንድ ሰው ላይ በቁጣ ሲነሡ ምን ማድረግ ይገባናል?
ሐ. በዚህ ሳምንት «ባርኔጣችንን የምናነሣለት» ሰው ማን ነው?

እግዚአብሔር የምንጸልየውን እንድንኖረው ይርዳን። አሜን።