የሕግ ተማሪዎች ነፃ አገልግሎትና የየቲም ደጋፊ ማኅበራት



የቲሞችን መደገፍ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ይሁን እንጂ አባቱ የሞተበት ልጅ ወረቀትም ያስፈልገዋል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአባቱ የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ማረጋገጫና የሞግዚትነት ውሳኔ ካልተሟሉለት፣ በአባቱ ስም ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ እያለ ሊራብ ይችላል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው እናቶችና በበጎ ፈቃደኞች ለሚመሩ ማኅበራት አንዱ መፍትሔ የሕግ ተማሪዎች ነፃ አገልግሎት ነው።

በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በሐረማያና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቋቁመዋል። ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ተቆጣጣሪነት ምክር ይሰጣሉ፤ አቤቱታና ማመልከቻ ይጽፋሉ። የጥብቅና ፈቃድ ስለሌላቸው ግን ጠበቃ ሆነው ችሎት አይቆሙም። ይህን ገደብ በመጀመሪያው ቀን የማይናገር ተማሪ ቢያጋጥም ማኅበሩ ራሱ ሊጠይቀው ይገባል።

የሞግዚትነትንና የውርስን ጉዳይ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንመልከት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻን፣ የቀለብን፣ የሞግዚትነትን፣ የወቅፍንና የውርስን ጉዳይ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጣቸው፤ ይህም በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ነው። ምርጫው ተደርጎ ክሱ ከተጀመረ በኋላ ግን ጉዳዩን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ማዛወር አይቻልም። የተማሪው ምክር ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት እናት ምን እንደምትፈርም ሳይገባት፣ የባሏ ወንድም ስላመጣው ብቻ ወረቀት እንድትፈርም ማድረግ በደል ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን የጋራ ሀብት እኩሌታ ውርስ ከመከፈሉ በፊት ለሚስት ይሰጣል፤ በሕይወት የቀረውንም ወላጅ ሞግዚት ያደርጋል። በሸሪዓ ደግሞ የእያንዳንዱ ገንዘብ የየባለቤቱ ሲሆን፣ ልጆች ላሉት ሟች ሚስት ከውርሱ የተመደበላት አንድ ስምንተኛ ነው፤ ወንድ ልጅም የሴቷን እጥፍ ይወርሳል። ተማሪው ሁለቱንም ያስረዳታል እንጂ አይመርጥላትም። የፈራኢድን ስሌት ያልተማረ እንደሆነም ዓሊም ቢጠይቅ ነውር አይሆንበትም።

ለማኅበሩ ራሱ የሚሰጠው አገልግሎት ያን ያህል ውስብስብ አይደለም፤ መተዳደሪያ ደንብ ማርቀቅ፣ ቃለ ጉባኤ ማስተካከል፣ ለምዝገባ የሚቀርቡ ሰነዶችን ማሟላት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የሃይማኖት ተቋማትን ከወሰኑ ውጭ ሲያደርግ፣ እነርሱ የሚያቋቁሟቸውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን አካትቷል። ስለዚህ በመስጊድ ዙሪያ የተጀመረ የየቲም መዋጮ ወደ ማኅበርነት ሲያድግ የትኛው ሕግ እንደሚመለከተው አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል። ሱረቱ-ን-ኒሳእ የየቲም ገንዘብ ሲመለስለት ምስክር እንዲቆም ስለምታዝ፣ የርክክብ ሰነድ ማዘጋጀት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ማኅበሩ የየቲሙን ገንዘብ በአማና ይዞ ሳለ በሁለቱ መካከል ክርክር ቢነሣ፣ የማኅበሩን ደንብ ያረቀቀው ተማሪ ለየቲሙ ወይም ለማኅበሩ ምክር መስጠቱን ትቶ ጉዳዩን ለተቆጣጣሪ መምህሩ ማሳወቅ አለበት። ልጁ የራሱ አማካሪ ያስፈልገዋል። የየቲሙ ምስጢርም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሚነገር አይደለም።

ተማሪዎች ይመረቃሉ፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ግን ከክረምት በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ ከሰኔ በፊት የመዝገቡን ቁጥር፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮና የተሰጡትን ዋና ሰነዶች ዝርዝር ጽፈው ለተተኪያቸው እንዲያስረክቡ፣ የዝርዝሩም አንድ ቅጂ በእናትየው እጅ እንዲቀር ማኅበሩ ከማዕከሉ ጋር በጽሑፍ ይስማማ።