የፊደል ገበታ በኤሌክትሮኒክ ወረቀት ላይ፦ ክፍት ሃርድዌር ለአማርኛ ጽሑፍ ያለው አቅምና ወሰን

አጠቃሎ

ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ምስሉን ይዞ ለመቆየት ኃይል የማይጠይቅ ማሳያ በመሆኑ በትርፍ ጊዜያቸው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ከሚመርጧቸው ክፍሎች አንዱ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የማሳያውን አሠራር በአጭሩ ካስረዳ በኋላ፣ የአማርኛ የጠረጴዛ ቀን መቁጠሪያ በክፍት ሃርድዌር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሚሞሪና ኃይል በስሌት ይመረምራል። ትንተናው ሦስት ነጥቦችን ያሳያል። አንደኛ፣ የግዕዝ ፊደል ብዛት ለአነስተኛ መሣሪያ እንቅፋት አይደለም፤ በዩኒኮድ ያለው አደራደር የፊደል ገበታን ስለሚከተል ሥራውን እንዲያውም ያቀለዋል። ሁለተኛ፣ የባትሪውን ዕድሜ የሚወስነው ማሳያው ሳይሆን በቦርዱ ላይ ያሉት ረዳት ክፍሎች ናቸው። ሦስተኛ፣ የክፍት ሃርድዌር ግልጽነት ከማሳያው ደጃፍ ላይ ይቆማል።

1. መግቢያ

የክፍት ሃርድዌር እንቅስቃሴ ከመስፋፋቱ በፊት ማይክሮኮንትሮለርን ፕሮግራም ማድረግ ውድ መሣሪያና ልዩ ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ በሚገኝ የዲዛይን ተቋም የተጀመረው አርዱይኖ ይህን ገጽታ ለወጠው። የቦርዱ ሰርኪዩት ንድፍ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ተማሪውም ሆነ የትርፍ ጊዜ ሠሪው ንድፉን ማየት፣ ማሻሻልና እንደገና መሥራት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመሠረተው የኦፕን ሶርስ ሃርድዌር ማኅበርም ይህንኑ ልማድ በግልጽ ትርጓሜ ሥር አስቀመጠው። በትርጓሜው መሠረት አንድ መሣሪያ ክፍት የሚባለው ማንኛውም ሰው ንድፉን ማጥናት፣ መለወጥ፣ ማሰራጨት እንዲሁም በንድፉ የተሠራውን ዕቃ መሸጥ ሲችል ነው። ለዚህም የንድፍ ሰነዱ ለማሻሻል በሚያመች ቅርጽ መቅረብ አለበት፤ የንድፉን ሥዕል ብቻ ማሳየት አይበቃም።

በዚህ ልማድ ውስጥ ለሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ ግን አንድ ችግር ቶሎ ይገጥመዋል። ለአነስተኛ ማሳያዎች ተዘጋጅተው ከሚገኙት ፎንቶች ብዙዎቹ የላቲን ፊደላትን ብቻ ስለሚይዙ፣ «ሰላም» የሚል ቃል ሲላክ በማሳያው ላይ ባዶ ቦታ ወይም ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣል። ሠሪውም የራሱን ሥራ በራሱ ፊደል ማየት ሳይችል ይቀራል። ስለዚህ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ችግር ከመሣሪያው አቅም የመነጨ ነው ወይስ ካልተሠራ ሥራ የሚለው ነው።

2. የኤሌክትሮኒክ ወረቀት አሠራር

የኤሌክትሮኒክ ወረቀት ሐሳብ በ1970ዎቹ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ኒክ ሸሪደን ከሠራው ጋይሪኮን ከተባለ ፈጠራ ይጀምራል። ጋይሪኮን በአንድ ጎናቸው ነጭ፣ በሌላው ጥቁር የሆኑ ጥቃቅን ኳሶችን በኤሌክትሪክ ኃይል ያዞር ነበር። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ዓይነት ግን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በጆሴፍ ጃኮብሰን፣ በባሬት ኮሚስኪና በጄ. ዲ. አልበርት ሥራ የተጀመረ ነው። ሥራውን ወደ ገበያ ለማውጣት ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመትም የምርምሩ ውጤት ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኪንድል የተባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ ቴክኖሎጂውን ከብዙ ሰው እጅ አደረሰው።

አሠራሩ ቀላል በሆነ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በማሳያው ንጣፍ ውስጥ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ባለው ፈሳሽ ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይንሳፈፋሉ። ከንጣፉ ሥር አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ቮልቴጅ፣ ብዙውን ጊዜ 15 ቮልት ገደማ፣ ሲሰጥ አንደኛው ወገን ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ታች ይሰምጣል። ቮልቴጁ ሲቋረጥ ቅንጣቶቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ምስሉም እንዲሁ።

ከዚህ ጠባይ ሁለት ውጤቶች ይከተላሉ። ማሳያው የራሱን ብርሃን ስለማያመነጭ እንደ ታተመ ወረቀት በውጭ ብርሃን ይነበባል፤ የስልክ ስክሪን በሚደበዝዝበት የቀትር ፀሐይ ይበልጥ ይጠራል። በአንጻሩ ቅንጣቶቹ በፈሳሽ ውስጥ ስለሚጓዙ ለውጡ ዘገምተኛ ነው። ትንንሾቹ ጥቁርና ነጭ ማሳያዎች ሙሉ ገጽ ለመለወጥ ጥቂት ሰከንዶች ሲፈጁ፣ ቀይ ወይም ቢጫ የተጨመረባቸው ከ10 ሰከንድ በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ለተንቀሳቃሽ ምስል ሳይሆን አልፎ አልፎ ለሚለወጥ ጽሑፍ የተስማማ ነው። ቀን መቁጠሪያም ለዚህ ምሳሌነት የተመረጠው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚለወጥ ነው።

3. የፊደል ገበታ በቁጥር

በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ባለ 2.9 ኢንች ማሳያ 296 በ128 ፒክስል አለው። ይህም 37,888 ፒክስል ይሆናል። ለአንድ ፒክስል አንድ ቢት ስለሚበቃ ሙሉው ገጽ 4,736 ባይት ይይዛል። አርዱይኖ ኡኖ ያለው የሥራ ሚሞሪ 2,048 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ገጹን በአንድ ጊዜ በሚሞሪ ውስጥ መሣል አይቻልም፤ ከፋፍሎ መሣል ግን ይቻላል። ገጹ በቁመቱ 16 ፒክስል ባላቸው ስምንት መስመሮች ቢከፈል እያንዳንዱ መስመር 592 ባይት ይፈልጋል። መሣሪያው አንዱን መስመር ሥሎ ወደ ማሳያው ከላከ በኋላ ያንኑ ሚሞሪ ለቀጣዩ ይጠቀምበታል።

አንድ የግዕዝ ፊደል በ16 በ16 ፒክስል ቢሣል 32 ባይት ይወስዳል። በአንድ መስመር 18 ፊደላት፣ በሙሉው ገጽ ደግሞ 144 ፊደላት ይገባሉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ዋናው ክፍል ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን 384 ቦታዎች ያዘ። ለሁሉም ቦታ ሥዕል ቢዘጋጅ 12,288 ባይት ይፈልጋል። የአርዱይኖ ኡኖ የፕሮግራም ማከማቻ 32,768 ባይት በመሆኑ መላው ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ገብቶ ለፕሮግራሙ ቦታ ይተርፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአደራደሩ ቅንነት ነው። የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የግዕዝን ፊደል በስምንት በስምንት አድርጎ ስለደረደረ ከፊደል ገበታው ጋር ይገጥማል። የፊደሉ ቁጥር ላይ 4608 ተቀንሶ ቀሪው ለ8 ሲካፈል ድርሻው ቤቱን፣ ትርፉ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን የድምፅ ደረጃ ያመለክታል። «ሰላም» በሚለው ቃል «ሰ» 4656 ነው፤ ሲቀነስ 48፣ ሲካፈል 6 ደርሶ ትርፍ የለውም። ከዜሮ ሲቆጠር ስድስተኛው፣ በገበታው ሰባተኛው ቤት፣ የመጀመሪያው ፊደል ማለት ነው። «ላ» 4619 ነው፤ ቀሪው 11፣ ድርሻው 1፣ ትርፉ 3 ይሆናል፤ የ«ለ» ቤት ራብዕ። «ም» 4637 ነው፤ ቀሪው 29፣ ድርሻው 3፣ ትርፉ 5 ይሆናል፤ የ«መ» ቤት ሳድስ። እንደ «ቈ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት የራሳቸውን ረድፍ ስለሚይዙና በመካከል ባዶ ቦታዎች ስለሚኖሩ የቤቶቹ ቁጥር ከባህላዊው ገበታ ጋር እስከ መጨረሻው አይገጥምም። ይሁን እንጂ ሥዕሉን ለማግኘት ይህ ለውጥ አያመጣም፤ ቀሪውን በ32 ማባዛት ብቻ ይበቃል። «ም» ለምሳሌ ከ928ኛው ባይት ይጀምራል።

የሚቀረው ሥራ የፊደሉን ቁጥር ከጽሑፉ ማውጣት ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰ» 225፣ 136 እና 176 ሆኖ ይጻፋል። ከመጀመሪያው 224 ተቀንሶ በ4096፣ ከሁለተኛው 128 ተቀንሶ በ64 ሲባዛ፣ ከሦስተኛው ደግሞ 128 ብቻ ሲቀነስ 4096፣ 512 እና 48 ይገኛሉ፤ ድምራቸውም 4656 ነው። ጀማሪ ሠሪ ይህን በጥቂት የፕሮግራም መስመሮች ሊጽፈው ይችላል። የፊደሉን ሥዕል በተመለከተም የግዕዝን ፊደል የሚሸፍነውን ዩኒፎንትን፣ አቢሲኒካንና ኖቶን የመሰሉ በክፍት ፈቃድ የተሰራጩ ፎንቶች አሉ።

የንባብ ጥራት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ«ሉ» እና በ«ሊ» መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ቅጥያ ቦታ ነው፤ በ16 ፒክስል ቁመት ይህች ቅጥያ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ብቻ ታገኛለች። ፊደሉ ወደ 24 በ24 ቢያድግ ለአንዱ 72፣ ለሁሉም 27,648 ባይት ያስፈልጋል። ይህ በአርዱይኖ ኡኖ ላይ ለፕሮግራሙ የሚተርፈውን እጅግ ያጠባል። ስለዚህ ጥራት ያለው የአማርኛ ገጽ የፈለገ ሠሪ እንደ ኢኤስፒ32 ወዳለ ሰፊ ሚሞሪ ያለው ማይክሮኮንትሮለር መሻገሩ ተገቢ ነው።

የቀን ስሌቱም ለአነስተኛ መሣሪያ የተመቸ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን ስላላቸው፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ ያለፉት ቀናት ለ30 ሲካፈሉ ድርሻው ያለፉትን ወራት፣ ትርፉ አንድ ተጨምሮበት ዕለቱን ይሰጣል። 99 ቀናት ካለፉ ድርሻው 3፣ ትርፉ 9 ነው፤ ዕለቱም ታኅሣሥ 10 ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ለዚህ ምሳሌ ናት።

4. ኃይሉ የት ይጠፋል?

ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ኃይል ቆጣቢ መሆኑ ብዙዎችን ባትሪው ለዓመታት እንደሚቆይ ያሳምናቸዋል። ስሌቱ ግን በከፊል ብቻ ይደግፋቸዋል። የኢኤስፒ32 ቺፕ በጥልቅ እንቅልፍ 10 ማይክሮአምፒር ገደማ ይወስዳል፤ ይህም በቀን 0.24 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። በቀን አንዴ ነቅቶ በ80 ሚሊአምፒር ለ20 ሰከንድ ቢሠራ 0.44 ሚሊአምፒር ሰዓት ይጨመራል። ድምሩ 0.68 ስለሚሆን 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ በስሌት ደረጃ 1,470 ቀናት ይቆያል።

ይሁን እንጂ በርካሽ የልማት ቦርዶች ላይ ቺፑ ብቻውን አይቀመጥም። ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ኤኤምኤስ1117 የተባለ ክፍል ምንም ሥራ በሌለበት ጊዜ እንኳ 5 ሚሊአምፒር ገደማ ይወስዳል። ይህ በቀን 120 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ያው ባትሪ በስምንት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ያለማቋረጥ የምትበራ የኃይል አመልካች መብራት ካለች ዕድሜው ከዚህም ያጥራል። ከአራት ዓመት ወደ ስምንት ቀን ያወረደው ማሳያው ሳይሆን ማንም የማያስተውለው አንድ ጥቁር ክፍል ነው። የባትሪው በራሱ መድከም ስላለ አራቱ ዓመትም በተግባር የሚደረስበት ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ርቀት ትምህርቱን ይሰጣል።

የክፍት ንድፍ ጥቅምም እዚህ ላይ ይገለጣል። የሰርኪዩት ንድፉ የታተመ ቦርድ የያዘ ሠሪ ችግሩ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ በወረቀት ላይ ተከታትሎ ይደርስበታል፤ ክፍሉን አነስተኛ ኃይል በሚወስድ ሌላ ክፍል ይተካል ወይም አዲስ ቦርድ ይነድፋል። ንድፉ በተዘጋበት ዕቃ ግን የሚቀረው አማራጭ ባትሪ ደጋግሞ መሙላት ነው።

5. የግልጽነት ወሰን

በኤሌክትሮኒክ ወረቀት ዙሪያ የተሠሩ ክፍት መሣሪያዎች ጥቂት አይደሉም። ዋቺ የተባለው የእጅ ሰዓት በኢኤስፒ32 እና 200 በ200 ፒክስል ባለው ማሳያ የተሠራ ሲሆን ንድፉና ፕሮግራሙ ክፍት ናቸው። ኢንክፕሌት የተባለው ቦርድ ከአሮጌ የመጽሐፍ ማንበቢያዎች የተነሡ ማሳያዎችን እንደገና ለሥራ በማዋል ይታወቃል። እነዚህ ሥራዎች ለጀማሪው ሙሉ ምሳሌ ያቀርባሉ።

ማሳያው ራሱ ግን ክፍት አይደለም። ቅንጣቶቹ በየትኛው ቅደም ተከተልና ለምን ያህል ጊዜ መገፋት እንዳለባቸው የሚወስነው የቮልቴጅ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ዌቭፎርም፣ አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ ምስጢር ነው። ሰንጠረዡ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ ፈሳሹ በብርድ ስለሚወፍር ቅንጣቶቹ ረዘም ያለ ግፊት ይሻሉ። ሠሪዎች ገጹ ቶሎ እንዲለወጥ ብለው ሰንጠረዡን በራሳቸው ሲቀይሩ የቀድሞው ጽሑፍ ጥላ በአዲሱ ሥር ይቀራል። የአዎንታዊና የአሉታዊ ግፊቶቹ ድምር ካልተመጣጠነ ደግሞ ማሳያው ከጊዜ ጋር ሊጎዳ ይችላል። ስለሆነም ከፊል ለውጥ የሚጠቀም ሠሪ በየመካከሉ ሙሉ ለውጥ ማድረግ ይኖርበታል። ክፍት የተባለው መሣሪያ እንግዲህ በተዘጋ ክፍል ዙሪያ የተሠራ ክፍት ቤት ነው፤ ይህን መገንዘብ የእንቅስቃሴውን ዋጋ ሳይቀንስ ወሰኑን በትክክል ለማወቅ ይረዳል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ስሌት በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የአማርኛ ጽሑፍ በአነስተኛ ማሳያዎች ላይ የሚጠፋው መሣሪያው ስለማይችለው አይደለም፤ 12,288 ባይት ለዛሬ መሣሪያ ቀላል ሸክም ነው። የጎደለው ፊደሉን በየመጠኑ ሥሎ፣ መርምሮና በክፍት ፈቃድ አዘጋጅቶ ማቅረብ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ያዘጋጀው ባለ 16 ወይም ባለ 24 ፒክስል የፊደል ስብስብ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሠሪ ሁሉ ከድካም ያድናል።

ለዩኒቨርሲቲ ትምህርትም ሥራው አንድምታ አለው። የኤሌክትሮኒክ ወረቀት ቀን መቁጠሪያ የሰርኪዩት ንድፍን፣ የሚሞሪ አያያዝን፣ የጽሑፍ ኮድ ሥርዓትን፣ የኃይል ስሌትንና የዘመን አቆጣጠርን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛል። ለመመረቂያ ሥራ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ከእነዚህ አንዱን፣ በተለይም የትንንሽ ፊደላትን ተነባቢነት፣ በአንባቢዎች መካከል መለካት ይችላል። እንዲህ ያለው ልኬት «ሉ» እና «ሊ» ያለ ስሕተት የሚለዩበትን ዝቅተኛ የፒክስል መጠን ሊወስን ስለሚችል፣ ለቀጣይ የፎንት ሥራ መነሻ ይሆናል።