በስሟ የተጠራችው አገልጋይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሴቶች ክብር ስንማማር ብዙ ጊዜ የምናነሣቸው እመቤታችንን፥ ሩትን፥ አስቴርን ነው። ተገቢም ነው። ዛሬ ግን በሰው ቤት ታገለግል ስለ ነበረች አንዲት ስደተኛ፥ ስለ ግብፃዊቷ አጋር እንማር። ታሪኳ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 እና 21 ተጽፏል።

ምዕራፎቹን ቀስ ብለን ስናነብ አንድ ነገር እናስተውላለን። ሣራም አብርሃምም አጋርን አንድም ጊዜ በስሟ ሲጠሯት አልተጻፈም። በእነርሱ አፍ አገልጋይ ብቻ ናት። መጀመሪያ በስሟ የጠራት የእግዚአብሔር መልአክ ነው፤ ያውም ሸሽታ በወጣችበት በረሃ፥ ወደ ሱር በሚወስደው መንገድ፥ በውኃ ምንጭ አጠገብ። ስማችሁ ለአፋቸው ከብዷቸው አሠሪዎቻችሁ ሌላ ስም ያወጡላችሁ እኅቶቻችን፥ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

መልአኩ ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እንድትናገር ነው። እርሷም ከእመቤቷ ሸሽታ እንደ ወጣች አልደበቀችም። ያን ጊዜ የምትወልደውን ልጅ ስም ነገራት፤ ይስማኤል ማለት እግዚአብሔር ይሰማል ማለት ነው። እርሷ ደግሞ በፈንታዋ ለእግዚአብሔር ስም አወጣች፤ እንደሚያያት በሚናገር ስም ጠራችው። ከእርሷ በፊት ለእግዚአብሔር ስም ያወጣ ሰው ተጽፎ አናገኝም።

እናታችን ሣራ ክፉ ሴት አልነበረችም። በረኃብ ዘመን ወደ ግብፅ በወረደች ጊዜ ራሷ በፈርዖን ቤት ተይዛ ነበር (ዘፍ. 12)። የባዕድ ቤትን ጭንቅ ቀምሳ ሳለ ግብፃዊቷን አስጨነቀች፤ መጽሐፉም ይህን አልሸፈነላትም። ቀድመን የመጣን ሰዎች፥ አዲስ በመጣች እኅት ላይ በአልጋ ኪራይና በብድር ከመጨከናችን በፊት ይህን ብናነብ መልካም ነው።

ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። መልአኩ አጋርን ወደ እመቤቷ እንድትመለስ አዟታል። ይህን ይዘው፥ ከአሠሪ ቤት ተደብድባ የወጣችን እኅት “መጽሐፍ ተመለሺ ይላል” የሚሏት አሉ። እኛ እንዲህ ብለን አናስተምርም። ያ ቃል ነፍሰ ጡር ሆና በበረሃ ብቻዋን ለነበረች ለአንዲት ሴት፥ ከተስፋ ጋር የተነገረ ነው። በኋላ ከዚያ ቤት ከነልጇ በተሰናበተች ጊዜ ተመለሺ አልተባለችም። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ የአቁማዳው ውኃ አልቆ፥ የልጇን ሞት እንዳታይ ከቁጥቋጦ ሥር ጥላው ርቃ በተቀመጠች ጊዜ፥ ዳግመኛ በስሟ ተጠራች፤ ዓይኗም ተከፍቶ የውኃ ጉድጓድ አየች። ለሕዝቡ ሁሉ ሕግ ሆኖ የተሰጠው ደግሞ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ነው፤ ከጌታው ያመለጠ አገልጋይ ተላልፎ እንዳይሰጥ፥ በመረጠው ስፍራ እንዲቀመጥ፥ እንዳይጨቆንም ያዝዛል።

ሐዋርያው በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 አጋርን በምሳሌ ማንሣቱ ሁለቱን ኪዳናት ለማስረዳት እንጂ እርሷን ለማቃለል አይደለም። ሐተታው ሰፊ ነውና በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ከቤት የጠፋች እኅት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ በር ላይ አቁመን ስለ ኮንትራቷ አንመርምራት። መጀመሪያ ስሟን እንጠይቃት። ተናግራ እስክትጨርስ እንስማት። ሳትበላ መጥታ እንደ ሆነ ትብላ። ከተጎዳች ወደ ሐኪም፥ ፓስፖርቷ ከተያዘ ወደ ቆንስላ፥ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አብሯት ይሂድ።

አሁንም በሰው ቤት ያላችሁ፥ ለቅዳሴ መውጣት ያልተፈቀደላችሁ፥ ይህን ሌሊት በስልካችሁ የምታነቡ እኅቶቻችን፥ የክርስትና ስማችሁን ላኩልን፤ በስማችሁ እየጠራን እንጸልያለን።

ይቆየን።