ፎቁ ሲግል ሳሎኑ የሚበርደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ታውንሃውሳችን ያለው አንድ ኤሲ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ታች ሳሎን ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን፤ ፎቅ ላይ እናቴ የሚተኙበት ክፍል ግን በሙቀት እንቅልፍ አያስወስድም። ባለቤቴ ቅዝቃዜው ወደ ላይ ይሂድ ብሎ የታቹን ቬንቶች በሙሉ ዘጋቸው፤ ለውጥ የለም። የጠራነው ሰው ደግሞ ትልቅ ኤሲ ግዙ አለን። እንግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ከልክ በላይ ትልቅ የሆነ ኤሲ ቴርሞስታቱ ያለበትን ሳሎን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል። ፎቁ እንደጋለ ይቀራል፤ ማሽኑ በቂ ጊዜ ስላልሠራም የሜሪላንድን ወበቅ አያደርቀውም።

የተዘጉትን ቬንቶች ዛሬውኑ ይክፈቱ። አየር መውጫ ሲያጣ በዳክቱ ስንጥቅ ይሾልካል፤ ቤቱን በሚያቀዘቅዘው የማሽኑ ኮይል ላይ የሚያልፈው አየር ሲያንስም ኮይሉ በረዶ ሊይዝ ይችላል። ይልቅ ቤዝመንት ወርደው ከማሽኑ የሚወጡትን ዳክቶች ይመልከቱ። ትንሽ እጀታ ካላቸው የአየሩን መጠን የሚቆጣጠር ዳምፐር አለ ማለት ነው። እጀታው በዳክቱ ርዝመት ከተኛ ክፍት ነው፤ ካቋረጠው ዝግ። ወደ ፎቅ የሚሄዱትን ሙሉ በሙሉ ከፍተው የታቹን ሩብ ያህል ብቻ ይመልሱ፤ አንድ ቀን ጠብቀው ያስተካክሉ። የተስማማዎትን ቦታ በማርከር ያመልክቱ፤ ሂተር ሲጀመር ሙቀቱ በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነገሩ ይገለበጣል።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ፦ እናትዎ በር ዘግተው ነው የሚተኙት? ብርድ ይመታኛል የማይሉ እናት እስካሁን አልገጠሙኝም። ክፍሉ ውስጥ አየር የሚመለስበት ቬንት ከሌለ፣ በሩ ሲዘጋ የገባው አየር መውጫ ያጣል፤ አዲስ አየርም እንደልቡ አይገባም። ኤሲው እየሠራ ቀጭን ሶፍት በተዘጋው በር ሥር ይያዙ። ወደ ውጭ በኃይል ከተገፋ ችግሩ እዚያ ነው፤ የበሩን ግርጌ ማስቆረጥ ወይም ከበሩ በላይ የአየር ማሳለፊያ ማስገጠም ይበቃል። አልጋው ሥር የተደረደረው ሻንጣም ቬንቱን እንዳልሸፈነው ይዩ።

ፊልተሩን በየወሩ ይፈትሹ። ማራገቢያውን ሌት ተቀን «ኦን» ላይ መተው ላይና ታቹን ቢያቀላቅልም፣ በወበቅ ቀን ኮይሉ ላይ የቀረውን እርጥበት ወደ ቤት ይመልሳል። በመጨረሻ ሁለት ሦስት ፋራናይት ልዩነት ቢቀር አይጨነቁ፤ በአንድ ማሽን ከዚህ የተሻለ ማግኘት ከባድ ነው።

ገንዘብ ካወጡ መጀመሪያ ለአቲኩ ያውጡ፤ ለእናንተ አካባቢ የሚመከረው ኢንሱሌሽን ከአር-49 እስከ አር-60 ነው። የዳክቱን መገጣጠሚያ በማስቲክ ያስደፍኑ፤ የጨርቁ ቴፕ ሙቀት ሲነካው ይላቀቃል። ይህም ካልበቃ ለእናትዎ ክፍል ብቻ ሚኒ ስፕሊት ያስገጥሙ፤ ውጭ የሚቀመጥ ማሽን ስላለው አስቀድመው የሰፈሩን ማኅበር ያስፈቅዱ። ባለሙያ ሲጠሩም በዳክቱ ውስጥ ያለውን ግፊት እንዲለካና ቤቱ ምን ያህል ኤሲ እንደሚፈልግ የሚያሳየውን፣ ማንዋል ጄ የሚባለውን ስሌት እንዲሠራ ይጠይቁት። ሳይለካ ዋጋ ከጠራ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ።